ማሳያው ሲከዳ፦ ለአሮጌ የመለኪያ መሣሪያዎች ምትክ ፍለጋ ከቤተ ሙከራ እስከ ሾላ ገበያ

በቤተ ሙከራዎቻችን መደርደሪያ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው የተቀመጡ መሣሪያዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። የኃይል አቅራቢያቸው ትክክለኛውን ቮልት ይሰጣል፤ መብራታቸው ይበራል፤ ዳሳሻቸው ለብርሃን ወይም ለሙቀት ለውጥ ምላሽ ይሰጣል። የጠፋው ውጤቱን ለሰው ዓይን የሚያደርሰው አንድ ክፍል፣ ማሳያው ብቻ ነው። መሣሪያው ይለካል፤ የለካውን ግን መናገር አይችልም።

ላለፉት ሁለት ዓመታት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በውሃ ጥራት መለኪያ መሣሪያዎች ላይ ሳካሂድ እንዲህ ያሉ ሦስት መሣሪያዎች አጋጥመውኛል። ሦስቱም ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው፤ ለሦስቱም ከአምራቻቸው ምትክ ማሳያ ማዘዝ አይቻልም። ፍለጋው ከቤተ ሙከራው ጠረጴዛ አስነሥቶ በየካ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ሾላ ገበያ ወሰደኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው የፍለጋውን ሂደትና ከእርሱ ያገኘሁትን አንድ ትምህርት ነው። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጨርሶ የጠፋ ማሳያ ማንንም አያሳስትም፤ በከፊል የጠፋ ግን ሐሰት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ምትክ የማግኘቱ ሥራ የሚጠናቀቀው ማሳያው በበራ ዕለት ሳይሆን እውነት መናገሩ በተረጋገጠ ዕለት ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎች መረጃ መርምረው 38.3 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን ዘግበዋል። በሌላ በኩል ዓለማችን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማመንጨቷን፣ ከዚህም በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ሪፖርት ያመለክታል። በአገራችንም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ተደንግጓል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ሲታዩ አንደኛው ለሌላኛው መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ አንዱ ቤት «ተበላሽቷል» ብሎ ያወጣው ዕቃ ሌላው ቤት አጥቶ የተቸገረበትን መለዋወጫ በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል። የሾላ ጥገና ሱቆች ኑሮአቸው የተመሠረተው በዚህ ግምት ላይ ነው።

ቁጥሩን ትቶ ዕቃውን ማየት

ሾላ ገበያ ከቀበና በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ወደ መገናኛ በሚወስደው መሥመር የሚገኝ፣ በቅቤው፣ በበርበሬውና በቅመማ ቅመሙ የሚታወቅ ገበያ ነው። መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያመራው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ወደሚጠገንባቸው ጠባብ ሱቆች ነው። በከተማችን ቆራሌው ከየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው አሮጌ ዕቃ ብዙው ወደ መርካቶ፣ በተለይም ወደ ምናለሽ ተራ ይጓዛል፤ ጥቂቱ ግን በመንገዱ ላይ በእነዚህ ሱቆች ይቀራል። እዚያም ዕቃው ይፈታል፤ ቦርዱ ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ፣ ማሳያው ለብቻ ይቀመጣል።

ወደ አንዱ ሱቅ መጀመሪያ በሄድሁ ጊዜ የማሳያውን የሞዴል ቁጥር በጥንቃቄ የገለበጥሁበትን ወረቀት ይዤ ነበር። ሱቁን የያዙት በዕድሜ የገፉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ ናቸው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ማሳያ ይኖርዎት ይሆን?» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ወረቀቱን ገልመጥ አድርገው «ቁጥሩን ተዪው ልጄ፤ ዕቃውን አምጥተሽ አሳዪኝ» አሉኝ።

አባባላቸው የጥናቴን አቅጣጫ ለወጠው። የሞዴል ቁጥር የአምራቹ የመጋዘን ስም ነው፤ ማሳያው እንዴት እንደሚሠራ አይነግርም። በገበያ ውስጥ ምትክ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት ማሳያው ከመሣሪያው ጋር በምን «ቋንቋ» እንደሚነጋገር ነው፦ ስንት መሥመር አለው? ስንት ቮልት ይፈልጋል? ምልክቱን የሚተረጉመው መቆጣጠሪያ በራሱ ላይ ነው ወይስ በዋናው ቦርድ ላይ? በዚህ መለኪያ ሲታዩ በእጄ የነበሩት ሦስት መሣሪያዎች የሦስት የተለያዩ ዓይነቶች ወኪሎች ሆነው አገኘኋቸው። አንደኛው ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተሠራ ቁጥር አመልካች መስታወት ያለው፣ ሁለተኛው በብዙ ዕቃዎች ላይ የሚገኝ ባለ ሁለት መሥመር የፊደል ሰሌዳ ያለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሥዕላዊ ማሳያ ያለው ነው።

የደከመው ጎማ

የመጀመሪያው መሣሪያ በውሃ ውስጥ ያለ የፍሎራይድ መጠን የሚለካ ተንቀሳቃሽ ፎቶሜትር ነው። ስፓድንስ የተባለው ማቅለሚያ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደበዝዛል፤ መሣሪያው በ570 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚያልፈውን ብርሃን ለክቶ ውጤቱን በሚሊ ግራም በሊትር ያሳያል። ልኬቱ ለአገራችን ትልቅ ትርጉም አለው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ በፍሎራይድ ብዛት የታወቀ ሲሆን፣ በወንጂ አካባቢ የታየው የአጥንት ፍሎሮሲስ ለረጅም ዓመታት የምርምር ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመመሪያ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ቁጥር ወዲህና ወዲያ መሆን አንድ ጉድጓድ ለመጠጥ ይዋል ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስናል።

የፎቶሜትሩ ችግር የታወቀን «3» ቁጥር ቅንፍ መስሎ በታየ ጊዜ ነው። በዚህ ዓይነቱ ማሳያ እያንዳንዱ አኃዝ የሚሠራው ከሰባት ክፋዮች ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ የመካከለኛው አግዳሚ ክፋይ ጠፍቶ ነበር። አግዳሚው የሌለው «3» ዓይን ይስባል፤ «4» እና «5»ም እንዲሁ ጎዶሎነታቸው ያስታውቃል። «8» ግን አግዳሚውን ሲያጣ ጎዶሎ አይመስልም፤ ፍጹም የሆነ «0» ይሆናል። ይህን ያህል የጠራ ሐሰት ማየት ያስደነግጣል፦ 1.80 የነበረው ልኬት 1.00 ሆኖ ይነበባል። አንደኛው ከወሰኑ በላይ፣ ሌላኛው ከወሰኑ በታች ነው።

ሌሎቹን ክፋዮችም በወረቀት ላይ እየሣልሁ መረመርሁ። «6» የታችኛውን ግራ ክፋይ ቢያጣ «5» ይሆናል። «9» የላይኛውን ግራ ቢያጣ «3»፣ የላይኛውን ቀኝ ቢያጣ «5» ይሆናል። «7» አናቱን ቢያጣ «1» ይሆናል። «8» ደግሞ እንደጠፋበት ክፋይ «0»፣ «6» ወይም «9» ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ቁጥር የሚመስል ስሕተት ከዚህ ሁሉ ይወለዳል።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ የመለኪያው ማስተካከያ ዘዴ ነበር። ፎቶሜትሩ በየጊዜው የሚስተካከለው ፍሎራይድ በሌለበት ውሃና በሊትር 1.00 ሚሊ ግራም በያዘ መደበኛ መፍትሔ ነው፤ ማስተካከያው ሲጠናቀቅ ማሳያው በመጀመሪያው 0.00፣ በሁለተኛው 1.00 ማሳየት አለበት። በእነዚህ ሁለት ንባቦች ውስጥ ያሉት አኃዞች «0» እና «1» ብቻ ናቸው። ሁለቱም መካከለኛውን አግዳሚ አይጠቀሙም። ስለዚህ አግዳሚው ጨርሶ የሌለበት መሣሪያ የማስተካከያ ፈተናውን ያለ አንዳች እንከን ያልፋል፤ በመዝገቡም ላይ «ትክክል» ተብሎ ይፈረምለታል።

ይህ እንደታወቀ ከመዝገቡ ውስጥ ከነጥቡ ቀጥሎ «0» የተጻፈባቸውን ንባቦች ለይተን፣ ናሙናቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጦ የቆየውን በሌላ መሣሪያ ደግመን ለካናቸው። አብዛኞቹ እንደተጻፉት ሆነው ተገኙ። ከአንድ ጉድጓድ የመጣውና 1.03 ተብሎ የተመዘገበው ናሙና ግን 1.83 ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ ጉድጓዱን ለሚጠቀመው ማኅበረሰብ ገና አልተላከም ነበርና በመዝገቡ ላይ ታርሞ ትክክለኛው ቁጥር ተላከ። በአንድ ክፋይና በአንድ ጉድጓድ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ።

ፎቶሜትሩን ይዤ ወደ ሾላ ስመለስ ባለሙያው ክፈፉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ የጠፋው አግዳሚ ተመለሰ። ጣታቸውን ሲያነሡ ጠፋ። «መስታወቱ ደኅና ነው፤ የደከመው ጎማው ነው» አሉ። በመስታወቱና በቦርዱ መካከል ያለው ጎማ ዜብራ የሚል ስም የተሰጠው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ቀጫጭን ንብርብሮች እየተፈራረቁ ስለሚገኙበት ነው። ግንኙነቱ የተበየደ ስላልሆነ የሚጸናው በክፈፉ ግፊት ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጎማው ይሟሽሻል፤ አቧራና ቅባትም በመካከል ይገባል።

ለዚህ መስታወት ምትክ ማግኘት ከባድ ነው፤ ክፋዮቹ የተቀረጹት ለዚህ መሣሪያ ብቻ ነውና። ጎማው ግን ከሌላ ዕቃ ሊወሰድ ይችላል። ባለሙያው ከአንድ አሮጌ ካልኩሌተር ጎማ አውጥተው በልኩ ቆረጡት። ሁለት ነገሮችን ብቻ አጥብቀው ተመለከቱ። አንደኛው ቁመቱ ነው፤ ካጠረ አይነካም፣ ከረዘመ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው የንብርብሮቹ ቅጥነት ነው፤ ከመገናኛ ነጥቦቹ ስፋት ይልቅ እጅግ የቀጠኑ ከሆኑ ጎማው ለየትኛውም መስታወት ያገለግላል። የመስታወቱን ጠርዝና ቦርዱን በአልኮል ጠርገው መልሰው ሲገጥሙት ሁሉም ክፋዮች በሩ። ምትክ ማሳያ ፍለጋ የተጀመረው ጉዞ ማሳያው መለወጥ እንደማያስፈልገው በማወቅ ተጠናቀቀ።

ፊደል የሚስተው ሰሌዳ

ሁለተኛው መሣሪያ የውሃ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው። ማሳያው በአንድ መሥመር 16 ፊደላት፣ በጠቅላላው ሁለት መሥመር የሚይዝ ሰሌዳ ሲሆን እርሱ በእርግጥ ሞቶ ነበር። መሞቱን ከመወሰኔ በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ያስፈልግ ነበር። በእንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ላይ ሦስተኛው መሥመር የጥቁረቱን መጠን የሚወስን ቮልት ይቀበላል፤ ይህ ቮልት ከተዛባ ሰሌዳው በትክክል እየሠራ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ሰሌዳውን ከመጣሉ በፊት ይህን ቮልት በቴስተር ቢለካ መልካም ነው።

የዚህ ዓይነት ሰሌዳ ጥቅሙ ቋንቋው የጋራ መሆኑ ነው። ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ኤችዲ44780 የተሰኘ መቆጣጠሪያ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ ሌሎች አምራቾችም ሰሌዳዎቻቸውን በእርሱ አምሳል ሠርተዋል። በፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በፕሪንተርና በልዩ ልዩ የቢሮ ዕቃዎች ላይ ይገኛል። በሾላም ከአንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን የተፈታ ተመሳሳይ ሰሌዳ ከአንድ ኪሎ ቅቤ ባነሰ ዋጋ አገኘሁ።

ይሁንና የቋንቋው የጋራነት ፍጹም አይደለም። በአንዳንድ ሰሌዳዎች የመጀመሪያውና የሁለተኛው መሥመር፣ ማለትም የኃይሉ አሉታዊና አዎንታዊ ጫፍ፣ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ ሳያረጋግጡ ማገናኘት ሰሌዳውን ያቃጥላል። የጀርባ መብራቱ መሥመሮች አቀማመጥም ከአምራች አምራች ይለያያል። እነዚህን በቴስተር አጣርቼ ገጠምሁትና ቁጥሮቹ በትክክል ታዩ።

ችግሩ ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ባለው የመለኪያ አሃድ ላይ መጣ። «ማይክሮ ሲመንስ» ተብሎ መነበብ የነበረበት አሃድ የማይክሮ ምልክት በሆነው የግሪክ ፊደል ፈንታ ሁለት ነጥብ ከአናቱ ያረፈበት የአውሮፓ ፊደል ይዞ ብቅ አለ። የሙቀት ዲግሪ ምልክቱም በጀርመንኛ ፊደል ተተክቶ ነበር። ምክንያቱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ በቋሚነት የተቀረጸው የፊደል ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ በአንደኛው የጃፓን፣ በሌላኛው የአውሮፓ ፊደላት ይገኛሉ። መሣሪያው 228 የሚል ኮድ ሲልክ የጃፓኑ ሠንጠረዥ «ማይክሮ» ይጽፋል፤ የአውሮፓው ግን ሌላ ፊደል ይጽፋል። የአረቢኛ አኃዞቹና ዋና ዋናዎቹ የላቲን ፊደላት በሁለቱም አንድ ስለሆኑ ልዩነቱ በቀላሉ አይታይም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በማይክሮ ሲመንስና በሚሊ ሲመንስ መካከል ያለው ልዩነት የሺህ እጥፍ ነው። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን የማያውቅ አንባቢ የሚያደርገው መገመት ነው፤ በግምት የተጻፈ አሃድ ደግሞ በመዝገብ ላይ እንደ ልኬት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰሌዳውን መልሼ የጃፓኑን ሠንጠረዥ የያዘ መፈለግ ነበረብኝ። ልዩነቱ በውጭ ስለማይታይ አርዱኢኖ በተባለችው አነስተኛ ቦርድ የፊደላቱን ኮዶች በሙሉ በተራ እያወጣች የምታሳይ መፈተሻ ሠርቼ ወደ ሱቁ ወሰድሁ። በፌስታል ከተቀመጡት ሰሌዳዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልሠሩም፤ ሦስተኛው የአውሮፓ ሆነ፤ አራተኛው የምንፈልገው ነበር። ባለሙያው መፈተሻዋን ደጋግመው ሲመለከቱ ቆይተው «ይህቺን እዚህ ብትተያት እኔም ለሰው ሳልዋሽ እሸጥ ነበር» አሉ። ትቼላቸው መጣሁ።

ከፍታና ከፍተኛ ቮልት

ሦስተኛው መሣሪያ በ320 በ240 ነጥብ ግራፍ የሚሥል የብርሃን መለኪያ ነው። ማሳያው ጨልሞ ነበር፤ በእጅ ባትሪ በሰያፍ ሲበራበት ግን ጽሑፉ በደብዛዛው ይታያል። ይህ ምልክት ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ፈሳሽ ክሪስታሉ ይሠራል፤ የጠፋው ከጀርባው ያለው ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚመነጨው እንደ እርሳስ ከቀጠነ የፍሎረሰንት ቱቦ ሲሆን፣ ቱቦውን ለማብራት ኢንቨርተር የተባለ አነስተኛ ቦርድ ጥቂቱን ቮልት ወደ ብዙ መቶ ቮልት ከፍ ያደርጋል፤ በማስነሻው ቅጽበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በኢንቨርተሩ ላይ በሁለት መሥመሮች መካከል እሳት የዘለለበት ጥቁር ጠባሳ አገኘሁ።

ለዚህ ጠባሳ የከተማችን አቀማመጥ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከየካ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሾላ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የመለኪያ መሣሪያዎችን ደኅንነት የሚመለከተው አይኢሲ 61010-1 የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደረጃ መደበኛ ብሎ የሚቆጥረው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። እኛ ከዚህ ወሰን በላይ እየኖርን ለባሕር ዳርቻ የታሰበ ክፍተት ያላቸውን ኢንቨርተሮች እንጠቀማለን።

ስለዚህ ተመሳሳይ ኢንቨርተር ፈልጎ ከመተካት ይልቅ ከፍተኛውን ቮልት ጨርሶ ማስወገድ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ከተሰበረ የኮምፒዩተር ማሳያ የወጣ ቀጭን የኤልኢዲ ረድፍ በቱቦው ቦታ ገባ፤ የሚፈልገውም 12 ቮልት ብቻ ነው። ማሳያው ባለ አንድ ቀለም በመሆኑ የብርሃኑ ቀለም መለወጥ በንባቡ ላይ ለውጥ አላመጣም። ቱቦው በውስጡ ሜርኩሪ ስላለ ሳይሰበር በካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻው ተቀመጠ። አብሮ ስላለው ሌላ ጉዳት ግን መፍትሔ አላገኘሁም፤ በማሳያው ጠርዝ ላይ ብርሃንን የሚያጣራው ስስ ፊልም መበላሸት ጀምሯል፤ ክፈፉ ሲከፈትም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ይህ ሽታ የአንዳንዱ ፊልም መሠረት የሆነው ሴሉሎስ አሲቴት መፈራረስ ሲጀምር የሚወጣ ነው። መካከሉ አሁንም ይነበባል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚነበብ ግን ዋስትና የለም።

ከበራ በኋላ የሚቀረው ሥራ

ሦስቱም መሣሪያዎች ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ወደ ሥራ የተመለሰው ግን ከጥገናው በኋላ አራት ነገሮች ተረጋግጠው ነው፤ ለሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ይጠቅሙ ይሆናል በሚል እዚህ አሰፍራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ክፋዮችና ነጥቦች በአንድ ጊዜ መብራት አለባቸው። ብዙ አሮጌ ቁጥር አመልካቾች የተሠሩበት አይሲኤል7106 የተባለው ቺፕ ለዚህ የተዘጋጀ የመፈተሻ እግር አለው፤ እግሩ ከአዎንታዊው ኃይል ጋር ሲገናኝ ማሳያው የመቀነስ ምልክትና 1888 ያሳያል። ይህ ፈተና ለአጭር ጊዜ ብቻ መደረግ አለበት፤ ፈሳሽ ክሪስታል አቅጣጫው በማይለዋወጥ ቮልት ሲቆይ ይጎዳልና።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች በተራ ታይተው ፎቶግራፍ ይነሡ። ሦስተኛ፣ የማስተካከያ መፍትሔዎች ሲመረጡ በማሳያው ላይ ለሚያወጡት አኃዝ ጭምር ይታሰብ። እኛ ከ0.00 እና ከ1.00 ጎን 1.80 አክለናል፤ ከኬሚስትሪው አንጻር ልዩ ጥቅም የለውም፤ «8» ስለያዘ ብቻ ተመረጠ። አራተኛ፣ በመሣሪያው ጀርባ ምን ተለውጦ በምን እንደተተካ፣ ከየትኛው ዕቃ እንደመጣና መቼ እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍ። ከእኛ በኋላ የሚከፍተው ሰው የጃፓን ሠንጠረዥ ያለው ሰሌዳ ለምን እንደተመረጠ ካላወቀ የአውሮፓውን መልሶ ይገጥመዋል።

ገበያውና ቤተ መጻሕፍቱ

ይህን ሥራ ሳካሂድ በሁለት ዓይነት ዕውቀት መካከል ስመላለስ ቆይቻለሁ። በዩኒቨርሲቲው የቺፖቹን መግለጫ፣ የደረጃዎቹን ሰነድ፣ መደበኛ መፍትሔዎቹን አገኛለሁ፤ ማሳያው ግን የለም። በሾላ ማሳያዎቹ አሉ፤ ጣት ጫን አድርጎ በሽታውን የሚለይ ልምድም አለ፤ ማሳያው የሚናገረው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ መፍትሔና ሰነድ ግን የለም። ስልክ ለሚጠግን ሰው ማሳያ ከበራ ሥራው አልቋል፤ ባለስልኩ ስሕተቱን ወዲያው ያያል። ለልኬት መሣሪያ ግን የስሕተቱ ዳኛ ከማሳያው በስተቀር ሌላ የለም። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ቢሠራ ጎዶሎ ይሆናል።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የማቀርበው ሐሳብ መጠነኛ ነው። በየትምህርት ክፍላችን ያሉ መሣሪያዎች በንብረት ማስወገጃ ዝርዝር ከመግባታቸው በፊት የማሳያቸው ዓይነት፣ የመሥመሮቹ ብዛት፣ የሚፈልገው ቮልትና የመቆጣጠሪያው ስም በአንድ ገጽ ይመዝገብ። ገጾቹ በአንድ ላይ ሲቀመጡ የአንዱ ክፍል ሙት መሣሪያ ለሌላው ክፍል ሕያው መሣሪያ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ያሳያሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሣሪያውን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ከጥገና ሱቆች ጋር የሚደረገው ግንኙነትም ከመግዛትና ከመሸጥ አልፎ ወደ መማማር ቢያድግ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። መፈተሻዋን ከተውሁላቸው በኋላ ባለሙያው ሰሌዳዎቻቸውን በሁለት ፌስታል ለይተዋል፤ በአንዱ ላይ «ጃፓን»፣ በሌላው ላይ «አውሮፓ» ብለው ጽፈዋል።

ያ ጉድጓድ በመዝገባችን ላይ አሁን 1.83 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የታረመው አዲስ መሣሪያ ስለተገዛ አይደለም፤ ቅንፍ የመሰለ «3» ያየ ሰው ዝም ብሎ ስላላለፈው ነው።